ኤፕሪል 35 የሚባል ብሎን፦ የዕቃ ዝርዝር ከሶሊድወርክስ ወደ ኤክሴል

የመነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች አንዲት ብረታ ብረት ቤት ንድፍ የምሠራው እኔ ነኝ። የዘወትር ሥራችን በርና መስኮት ነው። ዘንድሮ ግን የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ታዘዝን። ከማስገቢያው እስከ እግሩ ድረስ ሶሊድወርክስ በሚባለው የማሽን ንድፍ ፕሮግራም ላይ ሠራሁት። የዕቃ ዝርዝሩ 63 መስመር ሆነ። ሲኤስቪ ወደሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ኤክስፖርት አድርጌ ኤክሴል ላይ ከፈትኩት። በአማርኛ የሞላሁት መግለጫ በሙሉ ተበላሽቷል። ጊዜ ስላልነበረኝ 63ቱንም መግለጫ በእጄ መልሼ ጻፍኩ። ዓይኔ እሱ ላይ ስለነበር የቁጥሩን ዓምድ አላየሁትም። አትሜ ለአለቃዬ ሰጠሁ። እሳቸውም ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዲስ አበባ ገቡ።

በማግስቱ ከመርካቶ ደወሉ። የአንዱ ብሎን ቁጥር ኤፕሪል 35 ይላል አሉ። ኤፕሪል ደግሞ ያለው ሠላሳ ቀን ነው። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እኔ የሰጠሁት ቁጥር 4-35 ነበር። አራተኛው ክፍል፣ ሠላሳ አምስተኛው ዕቃ ማለት ነው። ይሄ አንድ። ሁለተኛው ችግር የታየው ተመልሰው ሲመጡ ነው። የኩሽኔታ ቤቶቹን የሚያስሩት ኤም10፣ ማለትም ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ አይዝጌ ብሎኖች አራት ብቻ ናቸው። ማሽኑ የሚፈልገው ስምንት ነው። ዝርዝሩን ባየው እውነትም አራት ይላል። እንግዲህ ሰውዬው ምን ያድርጉ?

ሲኤስቪን የመረጥኩት ወድጄ አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛችን የምትጠቀምበት የዕቃ መዝገብ ሌላ ነገር አይቀበልም። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ቁጥሩ ቀን ሳይሆን፣ አማርኛው ሳይበላሽ፣ ብዛቱ ሳይጎድል ዝርዝሩን እንዴት ላውጣ?

የመልሶቹ ጭምቅ

ጥያቄውን የለጠፍኩበት የኢንተርኔት ውይይት፣ ማለትም ክሩ፣ 30 መልስ ደረሰ። ከላይ እስከ ታች ያነበበው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ለኋላ መጪ እንዲያመች በራሴ ቃል አሳጥሬ እዚሁ አስቀምጬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም።

መልስ 1 ከሐዋሳ ነው። ሰላምታው ብቻውን አንድ አንቀጽ ይወጣዋል። ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የጅማን ዝናብ ጠየቀኝ። ከዚያ ሠንጠረዡ ላይ በቀኝ ተጭኜ ሴቭ አዝ ስል ሲኤስቪን ትቼ የኤክሴሉን ዓይነት እንድመርጥ መከረኝ። የኤክሴል ፋይል እያንዳንዱ ሳጥን ጽሑፍ ይሁን ቁጥር አብሮ ይዞ ይሄዳል። ሲኤስቪ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ሞከርኩት፤ አማርኛው ሳይነካ ወጣ። ለህትመት ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ መቆም ይቻል ነበር። የመዝገቡ ጣጣ ግን አልለቀቀኝም።

መልስ 2 ሰላምታም የለው። ጥፋቱ የሶሊድወርክስም የኤክሴልም ሳይሆን የራሴ እንደሆነ ነገረኝ፤ ያውም ወንድሜ እያለ። ሲኤስቪ ራቁቱን የቆመ ጽሑፍ ነው፣ በነጠላ ሰረዝ ከመለየት በቀር ምንም የለውም፣ ኤክሴል ሲከፍተው እያንዳንዱን ነገር ይገምታል፣ ግምቱን ሳያይ ያተመ ሰው ራሱን ይውቀስ ባይ ነው። አነጋገሩ ይጎረብጣል። ነገሩ ግን ትክክል ነው።

መልስ 3 የሚያውቀኝ የጅማ ልጅ ነው። መጀመሪያ እህት መሆኔን ለመልስ 2 አስታወቀልኝ። ከዚያ የኤፕሪል 35ን ምሥጢር ፈታ። ኤክሴል 4-35ን ሲያይ አራተኛው ወር ብሎ ያነባል። 35 ቀን የሚባል ስለሌለ ዓመት መሆን አለበት ይላል። ባለ ሁለት አሃዝ ዓመት ከ30 እስከ 99 ከሆነ 1900ዎቹ ውስጥ ይወድቃል፤ ከ00 እስከ 29 ከሆነ 2000ዎቹ ውስጥ። ስለዚህ ብሎኔ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1935 ሆናለች። ጣሊያን የወረረን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ስለሆነ፣ ብሎኗ ጣሊያንን በስድስት ወር ትበልጠዋለች ብሎ ቀለደ። ስሟን ብሎን ብሎ ያወጣላት ደግሞ ያው ጣሊያን ነው። ቀልዱን ወደድኩለት።

መልስ 4 መፍትሔው ቀላል ነው አለ። ዓምዱን መርጦ ዓይነቱን ወደ ጽሑፍ መቀየር ብቻ። መልስ 5 ወዲያው አረመው፤ ጨዋ ነበር ግን ጠንከር አለ። ከተከፈተ በኋላ ዓይነቱን ብቀይረው 4-35 አይመለስም፤ የሚመጣው 12875 ነው። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው ከ1900 መጀመሪያ አንስቶ በቆጠረው የቀን ብዛት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ በተከፈተበት ቅጽበት ጠፍቷል። ሞከርኩት። በእርግጥም 12875።

ያው መልስ 5 ትክክለኛውን መንገድ ሰጠኝ፤ ከሁሉም የጠቀመኝም እሱ ነው። ሲኤስቪውን ሁለቴ ተጭኖ መክፈት ክልክል። ባዶ ኤክሴል ይከፈታል። ዳታ ከሚለው ስር ፍሮም ቴክስት የሚለው ይመረጣል። ሲጠይቅ የፊደል አቀማመጡ 65001፣ ማለትም አማርኛን የሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ይደረጋል። የዓምዶቹን ዓይነት ራሱ እንዳይገምት ይከለከላል፣ ወይም የቁጥሩ ዓምድ ጽሑፍ ተብሎ ይያዛል። ሊብሬ ኦፊስ ያለው ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው። ሲኤስቪ ሲከፍት ራሱ መስኮት አውጥቶ የፊደሉንም የዓምዱንም ዓይነት ይጠይቃል።

ስለ አማርኛው ዝርዝር ማብራሪያ የሰጠው መልስ 6 ነው። እኔ ችግሩ የፎንት መስሎኝ ነበር። አይደለም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ኤክሴል ይህን ሳያውቅ ባይቱን አንድ በአንድ እንደ ፈረንጅ ፊደል ያነበዋል። ስለዚህ ላሜራ የሚለው ሦስት ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ በየሦስቱ መጀመሪያ ላይም ያቺ ጭረት የተሰካባት የፈረንጅ ኤ ትመጣለች። እውነትም ስክሪኔ ላይ ሞልታ ነበር። ጥሩ ዜናው እንዲህ የሚመስል ነገር አለመጥፋቱ ነው። በትክክለኛው መንገድ ከተከፈተ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን በቃ፣ ሲቀመጥ ነው የጠፋው። ማለትም እኔ 63 መስመር የጻፍኩት በከንቱ ነበር። ይሄን ሳነብ ትንሽ አመመኝ።

በመልስ 7 አንድ ሰው ወደ ትዝታ ገባ። ፓወር ግዕዝ የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የነበረበትን ዘመን አነሳ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው የፈረንጅ ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የጋራ ቁጥር በሚያገኙበት መለኪያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎም እዚያው ቦታ መገኘታችን ደንቆታል። መልስ 8 አጭር ግን ደስ የምትል ነጥብ ጣለች። መግለጫ ውስጥ የፈረንጁ ነጠላ ሰረዝ ከገባና በጥቅስ ካልታሰረ ሲኤስቪውን ይሰነጥቀዋል። የኛ ነጠላ ሰረዝ ግን ምንም አያደርግም። ለአንድ ጊዜ እንኳን ጠቀመን።

ከዚያ መልስ 9 መጣ። ስለ አራቱ ብሎን የመለሰው እሱ ብቻ ነው። ሶሊድወርክስ ሠንጠረዡን በሦስት መንገድ ያወጣል። አንደኛው ከላይ የሚታዩትን ክፍሎች ብቻ ይዘረዝራል። ሁለተኛው ክፍሎቹን አፍርሶ ነጠላ ዕቃ ብቻ ይደምራል። ሦስተኛው እንደ ቤተሰብ ሐረግ ገባ ገባ እያደረገ ሁሉንም ያሳያል። እኔ ሦስተኛውን ነበር የመረጥኩት፤ ያምራላ። እዚያ ላይ የሚታየው ብዛት ግን ለአንድ ወላጅ ክፍል ብቻ ነው። አንድ የኩሽኔታ ቤት አራት ብሎን አለው። ማሽኑ ሁለት የኩሽኔታ ቤት አለው። ሠንጠረዡ ከላይ ሁለት፣ ከሥር አራት ብሎ ጽፏል። ማባዛት የአንባቢው ሥራ ነው። ለገበያ ሁለተኛውን፣ ለገጣጣሚው ሦስተኛውን ስጪ አለኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ወረቀት ለሁለቱም ሰጥቼ ነበር። ሶሊድወርክስ አልዋሸም። አለቃዬም በትክክል አነበቡ።

በመልስ 10 ኢንቬንተር የሚባለው ሌላ የንድፍ ፕሮግራም ተጠቃሚ ነገሩ እዚያም አንድ ዓይነት እንደሆነ አረጋገጠ። ስትራክቸርድ እና ፓርትስ ኦንሊ የሚባሉ ሁለት ገጾች አሉ፣ ለግዢ ሁለተኛው ነው። መልስ 11 አውቶካድ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይስ ብሎ ጠየቀ። መልስ 12 ዳታኤክስትራክሽን የሚባል ትእዛዝ እንዳለ ነገረው። ብሎንን እንደ ብሎን የሚቆጥረው ግን ብሎክ ከተደረገ፣ ማለትም መስመሮቹ አንድ ላይ ታስረው ስም ከተሰጣቸው ነው። በመስመርና በክብ ብቻ የተሣለ ብሎን ለአውቶካድ ብሎን አይደለም፤ ስድስት መስመርና አንድ ክብ ነው። ኤልቲ በሚባለው ርካሽ ዓይነት ላይ ደግሞ ይህ ትእዛዝ የለም። መልስ 13 ያው ጠያቂ ነው፤ የአሥር ዓመት ሥዕሌ ሁሉ ዋጋ የለውም ልትል ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ማንም እንደዚያ አላለውም። ነገሩ ግን ጎድቶት መሆን አለበት።

መልስ 14 የክሩን መንፈስ ቀየረው። አንድ የጅማ አባት ናቸው። ብየዳ የጀመሩት በደርግ ጊዜ እንደሆነ ጽፈዋል። ለ63 መስመር ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው ባይ ናቸው። እሳቸው በእርሳስ፣ በደብተር ላይ ይጽፋሉ። ደብተሩ አንድም ቀን ብሎንን ወር አድርጎባቸው አያውቅም።

መልስ 15 ከተማሪ ቢጤ ነበር። አንተ እያለ፣ ዘመኑ አልፎብሃል የሚል ነገር ጻፈ። መልስ 16 እና 17 ተባብረው ወረዱበት። በአባት ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ማለት ምን የሚሉት ነው፣ በጅማ እንዲህ አይባልም፣ ይቅርታ ጠይቅ። ጠየቀ ማለት ይቻላል፤ አጠር ያለች ይቅርታ ናት፣ ግን እርስዎ ብሏል።

ሽማግሌው በመልስ 18 ተመለሱ። ስለ ስድቡ ምንም አላነሱም። ይልቅ ለሁላችንም ሒሳብ ሰጡን። የማሽኑ እግር ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ ነው እንበል። 820 ሚሊ ሜትር የሆኑ አራት፣ 450 የሆኑ ስድስት ቁራጭ ያስፈልጋል። ቱቦላሬ ገበያ ላይ 6 ሜትር ነው። ስንት ልግዛ? ተማሪ ቢጤው ልጅ ፈጥኖ በመልስ 19 መለሰ። ድምሩ 5980 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንድ ይበቃል፣ እንዲያውም 20 ይተርፋል። እኔም እንደሱ ነበር ያሰብኩት። መልስ 20 የሽማግሌው ናት፤ ከክሩ ሁሉ አጭሯ መልስ። የመቁረጫው ዲስክ በያንዳንዱ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል። አሥር ቁራጭ ለማውጣት ቢያንስ ዘጠኝ ጊዜ ይቆረጣል። 27 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፣ ያለው 20 ነው። የመጨረሻው እግር አጥሮ ማሽኑ ያነክሳል።

ለረጅም ጊዜ ማንም አልጻፈም። መብራት ጠፍቶ ይሁን አፍረን አላውቅም።

መልስ 21 ነገሩን ወደ ሶሊድወርክስ መለሰው። በብየዳ መሣሪያው የተሠራ እግር ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ይወጣል። የቁራጮቹ ርዝመት እንዲታይ ሦስተኛውን ዓይነት መርጦ ዝርዝር የቁርጥ ሊስት የምትለውን ሳጥን ማብራት ይጠይቃል። ያኔ ርዝመቱ ኤክሴል ላይ ይወርዳል። ዲስኩ የሚበላውን 3 ሚሊ ሜትር ግን የምትጨምሪው አንቺ ነሽ አለኝ። ልጁ ላይክ አደረገ። ሽማግሌውም ላይክ አደረጉ። እርቅ ማለት ይሄ ነው።

ቀጥሎ ክሩ ቡና ውስጥ ገባ። ከጅማ ስለተጻፈ የማይቀር ነው። መልስ 22 የጅማ ቡና ድሮም ጀንፈል ነው፣ በፀሐይ ደርቆ ነው የሚሸጠው፣ መፈልፈያ ማን ጠየቀ ብሎ ጀመረ። መልስ 23 የሊሙ ሰው ነው። እነሱ ዘንድ እሸቱ ተፈልፍሎ ታጥቦ ነው ገበያ የሚወጣው፣ የሊሙ እጥብ ቡናም ስሙ የታወቀ ነው፣ ጅማ መልመድ አለባት አለ። መልስ 22 ተመልሶ በመልስ 24 ጠንከር ያለ ነገር ጻፈ፤ እዚህ አልደግመውም። በመልስ 25 አስተባባሪው ገብቶ ስለ ዕቃ ዝርዝር ተነጋገሩ፣ ስለ ቡና ሌላ ክር ክፈቱ አለ።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚሁ ጭቅጭቅ ውስጥ ቁም ነገር መውጣቱ ነው። መልስ 26 እዚሁ ጅማ መልኮ ስላለው የቡና ምርምር ጻፈች። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በሽታውን የሚቋቋሙ ተብለው የተመረጡት ዝርያዎች ስማቸው ቁጥር ነው፦ 74110፣ 74112፣ 74158። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የተመረጡበት ዓመት ናቸው፣ 1974። ገበሬው ዛሬም በቁጥር ይጠራቸዋል። ሰረዝ የለው፣ ከፊቱ ዜሮ የለው፣ ኤክሴል ምንም ሊያደርገው አይችልም። ከዚህ ተነስታ ጥያቄዋን ለኔ አዞረችው፦ ለመሆኑ ለዕቃዎችሽ ስም የሚሰጠው ማን ነው?

እውነቱን ለመናገር ማንም አይሰጥም። የዕለቱ ስሜት ነው የሚሰጠው። ከዚያ ፋይሉን ላኪልኝ ካለኝ ከጅማው ልጅ ጋር ሆነን ዝርዝሩን ፈተሽን። የገባውን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ቦታ ኩሽኔታ ይላል፣ ሌላ ቦታ ቤሪንግ ይላል። ሁለቱም ያው 6205 የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር። አንድ ቦታ ማሰሪያ ብዬ በእሳቱ ሰ ጽፌያለሁ፣ ሌላ ቦታ ማሠሪያ ብዬ በንጉሡ ሠ። ለኛ አንድ ቃል ነው። ለኤክሴል ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ስንደምር በሁለት መስመር ከፈላቸው። አንዱ ብሎን ደግሞ ከስሙ መጨረሻ ባዶ ቦታ ስላለው ከወንድሙ ተለይቶ ቆመ። ይሄ ሁሉ የመጣው ያን ቀን በጥድፊያ በእጄ መልሼ ስጽፍ ነው። አማርኛው ተበላሸ ብዬ ላስተካክል ገብቼ ያልተበላሸውን አበላሸሁ።

አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ። መግለጫውን የምሞላው እያንዳንዱ ዕቃ ፋይል ውስጥ ነው፣ የዕቃው ባሕርይ በሚሞላበት ቦታ። ኤክሴል ላይ ምንም አልጽፍም። ስሞቹን ከአንድ የጸደቀ ዝርዝር ላይ እገለብጣለሁ። ዝርዝሩን ያጸደቅነው እኔ፣ አለቃዬና ሁለቱ በያጆች ተቀምጠን ነው። ኩሽኔታ አሸነፈ፤ ቤሪንግ ሦስት ለአንድ ተሸነፈ። ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ላሜራ፣ ፑሌጃ ያለ ክርክር አለፉ።

መልስ 27 የቁጥሩን ነገር ቋጨልኝ። ከቁጥሩ ፊት የኛን ፊደል አስቀምጪ አለኝ። መፈ-04-35፤ መፈ መፈልፈያ ለማለት ነው። ኤክሴል የፈለገውን ያህል ቢገምት ይህን ወር ሊያደርገው አይችልም። ከፊት ያለው ዜሮም አይጠፋም። ቀላል ነው። ለምን ቀድሞ አልመጣልኝም? እግረ መንገዱን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ በክፍል 13 ያሉት ዕቃዎች፣ 13-14 እና 13-15፣ ተበላሽተው ነበር ወይ? አልተበላሹም ነበር። አሥራ ሦስተኛ ወር፣ አሥራ አራተኛ ወር የሚባል ነገር ኤክሴል አያውቅማ። ጳጉሜን ቢያውቅ ኖሮ ግማሹን እሷም ትወስድብኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተረጋጋ። መልስ 28 ብቻሽን አይደለሽም ብሎ አጽናናኝ። የሰው ዘረ መል ስም አውጪ ኮሚቴ ሳይቀር በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 አንዳንድ ስሞችን ለውጧል፤ ማርች1 እና ሴፕት1 የሚባሉት ኤክሴል ላይ ቀን እየሆኑ አስቸግረው ነበር። አዲሱ ኤክሴል ላይ ከ2023 ጀምሮ ይህን ልማዱን የሚያጠፋ ማስተካከያ እንዳለም ጨመረ። አለቃዬ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት። ከፊት ያለውን ዜሮ ይጠብቃል፣ ፊደልና ቁጥር የተያያዘበትን ይተዋል። 4-35ን ግን አሁንም ወር ያደርገዋል። ስለዚህ መፈ ትቀጥላለች።

መልስ 29 ሶሊድወርክሱን በነጻ የት ላግኝ ብሎ ጠየቀ። የምን ነጻ እንደፈለገ ግልጽ ነው። አስተባባሪው ሊንክ የጣለለትን አጠፋና በምትኩ ፍሪካድን ጠቆመው። እ.ኤ.አ. ከ2024ቱ 1.0 ወዲህ ዕቃ መገጣጠሚያው አብሮት ይመጣል፣ የዕቃ ዝርዝርም ያወጣል፣ በሕግም ነጻ ነው። ጠያቂው አልተመለሰም።

የመጨረሻው መልስ 30 የሽማግሌው ነው። ጎደሉ የተባሉት ብሎኖች ምን ሆኑ ብለው ጠየቁ። ኤም10 ካልሽ የ17 ቁልፍ ነው፣ ኤም8 የ13 ነው፣ ነጋዴው የሚያውቀው ቁልፉን ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ ቁልፉንም ጻፊበት አሉኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዓምድ ጨመርኩለት። አንድ ነገር ግን በአክብሮት አርሜያቸዋለሁ። ኤም10 በድሮው የጀርመን መለኪያ፣ በዲአይኤን 933፣ ቁልፉ 17 ነው። በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 4017 ከተሠራ ግን ቁልፉ 16 ነው። ኤም12ም እንዲሁ፣ 19 ወይም 18። ከሦስቱ ኤም8 ብቻ በሁለቱም 13 ነው። እሳቸውም ለዚህ ነው ለካ ሰሞኑን ቁልፌ ብሎን ላይ የሚዞረው አሉ።

አለቃዬ ለሞተሩ ሲሉ እንደገና አዲስ አበባ ወርደው ነበር። ትናንት ከመርካቶ ደወሉ። ልቤ ደነገጠ፤ ደግሞ የትኛው ወር ይሆን ብዬ። የወር ጉዳይ አልነበረም። ኤም10 አይዝጌ ብሎን አግኝተዋል፣ ነገር ግን የ17 ቁልፍ ቢሞክሩበት ይወዘወዛል፣ የሚገባበት 16 ነው፤ ይሄ የኛ ነው ወይስ ሌላ? የኛ ነው፣ ይውሰዱት አልኳቸው። ስንት አሉኝ። ስምንት።